«ካውንስሉ መውሰድ እንጂ መስጠት ያውቃል?»

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እንግሊዝ አገር ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ። የምተዳደረው በኬር ሥራ፣ አረጋውያንንና ሕሙማንን በመንከባከብ ነው። ኮንትራቴ ዜሮ ሃወር ስለሆነ አንዱን ሳምንት 30 ሰዓት ብሠራ በሚቀጥለው 12 ሊሆን ይችላል። ባለቤቴ ትቶን ከሄደ ሁለት ዓመት አለፈው። ወንዱ ልጄ 18 ዓመት ሞልቶታል፣ ኮሌጅ ሙሉ ቀን ይማራል። ሴቷ ገና 9 ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን ድጎማ) አገኛለሁ፤ ሆኖም አከራዬ ኪራይ ስለጨመረብኝ አይበቃኝም። የዘንድሮው የካውንስል ታክስ (ለአካባቢው መስተዳድር፣ ለካውንስሉ፣ የሚከፈለው የቤት ግብር) ቢሌ 1,760 ፓውንድ ነው፣ ውዝፌ ደግሞ 612 ፓውንድ ደርሷል። ባለፈው ሳምንት የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣብኝ። ያነበበችልኝ ትንሿ ልጄ ናት። አንብባ ስትጨርስ «እማዬ፣ ሊያስሩሽ ነው?» አለችኝ። አገር ቤት ላለችው እናቴም በየወሩ 80 ፓውንድ እልካለሁ። አንዷ ጓደኛዬ «ካውንስል እኮ ይረዳል፣ አመልክቺ» ትለኛለች፤ ሌላዋ «ዜግነትሽን እንዳታበላሺ» ትለኛለች። እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው ካውንስሉ ሲወስድብኝ ብቻ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ የልጅሽን ጥያቄ እንመልስ። አትታሰሪም። የመጣልሽ መጥሪያ የወንጀል ክስ አይደለም። ካውንስሉ «ይህች ሴት ይህን ያህል ዕዳ አለባትና አረጋግጡልኝ» ብሎ ፍርድ ቤቱን የሚጠይቅበት ወረቀት ነው። ለካውንስል ታክስ ማሰር በእንግሊዝ ሕግ ላይ እስካሁን አልተሰረዘም፤ ግን እዚያ የሚደረሰው ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ፣ ሰውየው መክፈል እየቻለ ሆን ብሎ እምቢ እንዳለ ወይም በራሱ ጥፋት ችላ እንዳለ ፍርድ ቤት ሲያምን ነው። አንቺ ከዚያ በጣም ሩቅ ነሽ። ይህን ዛሬውኑ ንገሪያት። ከዛሬ በኋላ ደግሞ የካውንስል ደብዳቤ ለእሷ አትስጫት። ስልክ ደውለሽ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በያቸው፤ ብዙ ካውንስሎች በነፃ ያቀርባሉ። ልጅ የቤቱን ዕዳ መሸከም የለባትም፣ በማንበብም ቢሆን።

አሁን ቢሉን አውጪና ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው። ከላይ የሒሳብ ቁጥርሽ አለ። ቀጥሎ የቤትሽ ባንድ ይመጣል፣ ከኤ እስከ ኤች ካሉት ፊደላት አንዱ። (ይህ ምደባ ቤቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1991 ቢሸጥ ስንት ያወጣ ነበር በሚል ግምት የተሠራ ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ዋጋ ይዘው ዛሬም ያስከፍሉናል።) ከዚያ ለካውንስሉ፣ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ የሚሄደው እየተለየ ተዘርዝሯል። እኔ የምፈልገው ግን ከመጨረሻው ድምር በላይ ያለችውን ቦታ ነው። እዚያ «ሲንግል ፐርሰን ዲስካውንት» የሚል ጽሑፍና የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ይታይሻል?

ከደብዳቤሽ እንደገባኝ የለም። የካውንስል ታክስ ሙሉ ቢል ቤቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ይኖራል ብሎ የተሠራ ነው። አዋቂው አንድ ብቻ ከሆነ 25 በመቶ ይቀነሳል። ይህ የገቢ ጉዳይ አይደለም፤ ሚሊየነርም ብቻውን ከኖረ ያገኘዋል። ባለቤትሽ ከወጣ ጀምሮ በቤቱ ያለሽው አዋቂ አንቺ ብቻ ነሽ። «ልጄ 18 ሞልቶታል» ትዪኝ ይሆናል፤ ብዙ እናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ አይቆጠርም፤ 18 የሞላውም ቢሆን የሙሉ ጊዜ ተማሪ እስከሆነ ድረስ ለዚህ ሒሳብ እንደሌለ ይታለፋል። ኮሌጁ ሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይስጠው፤ ከሬጅስትራር ጠይቆ ያምጣ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የ1,760 ሩብ 440 ፓውንድ ነው፣ ይህ የዘንድሮው ብቻ ነው። ያለፈው ዓመት ቢል ትንሽ ያነሰ ቢሆንም የእሱም ሩብ ይመለሳል፤ ቅናሹ የሚታሰበው ባለቤትሽ ከቤት ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነውና። ሁለቱ ሲደመሩ ከ612 ይበልጣሉ። እህቴ፣ ካውንስሉ ቀኑን ተቀብሎ ሲያስተካክለው ውዝፉ ሊጠፋ ብቻ ሳይሆን ትርፍ ከፍለሽ ልትገኚም ትችያለሽ።

«ባለቤቴ መሄዱን እኮ ተናግሬያለሁ» ብለሽ እየተቆጣሽ ይሆናል። አዎ፣ ለዩኒቨርሳል ክሬዲት ተናግረሻል፤ ብቻዬን ነኝ ብለሽ ነው የሚከፍሉሽ። ግን ዩኒቨርሳል ክሬዲት የማዕከላዊው መንግሥት ነው፣ ካውንስሉ ሌላ ነው። ለአንዱ የነገርሽውን ሌላው ሰምቷል ብለሽ አትተማመኚ። ይባስ ብሎ እዚያው ካውንስል ውስጥ ታክስ የሚሰበስበው ክፍልና ለተቸገረ የሚሰጠው ክፍል ለየብቻ ናቸው። መጥሪያ የላከብሽ ባለሙያ ከጎኑ ያለው ክፍል ሊረዳሽ እንደሚችል አስቦ አይነግርሽም፤ ሥራው አይደለም። እነሱን የምታገናኚው አንቺ ነሽ። ስለዚህ «ካውንስሉ መስጠት ያውቃል ወይ?» ላልሽኝ፣ ያውቃል። ግን እርዳታውን በስሙ ለጠራ፣ በጽሑፍ ለጠየቀና ቀድሞ ለደረሰ ሰው ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያልን አድገን እዚህ ዝምታችን በፓውንድ ሲታሰብ ያሳዝናል።

መጥሪያው ላይ የተጻፈውን የችሎት ቀን እዪ። ከዚያ ቀን በፊት ለካውንስል ታክስ ክፍሉ ደውለሽ ወዲያው በኢሜይል ድገሚው። አምስት ነገር ይበቃል፦ ባለቤቴ በዚህ ቀን ወጥቷል፣ የአንድ ሰው ቅናሹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይታሰብልኝ፣ ልጄ ተማሪ ነው፣ ይህ እስኪጣራ የፍርድ ቤቱን ሒደት አቁሙልኝ፤ ዕዳው የለብኝም ከተባለም በመጥሪያው የጨመራችሁብኝን ወጪ አንሡልኝ። ማስረጃ ሲሉሽ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ለብቻሽ መከፈል የጀመረበትን ወር የሚያሳየውን ስቴትመንት ከአካውንትሽ አውጥተሽ ላኪ። ባለቤትሽ አዲስ አድራሻውን የሚያሳይ ነገር ቢሰጥሽ ጥሩ ነው፤ ባይሰጥሽም ቀኑን ከሌላ ማስረጃ ማሳየት ይቻላል። የተናገርሽውን ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት ጻፊ። «ስልክ ላይ እሺ ብለውኝ ነበር» የሚል ክርክር ማንም አሸንፎበት አያውቅም።

ከቅናሹ በላይ «ካውንስል ታክስ ሪዳክሽን» የሚባል ሌላ እርዳታ አለ፤ አንዳንዱ ካውንስል «ካውንስል ታክስ ሰፖርት» ይለዋል። ይህኛው ገቢን ያያል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ስላገኘሽ ብቻ በራሱ አይመጣልሽም፣ ለካውንስሉ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል። ከ2013 ጀምሮ ለሥራ ዕድሜ ላሉ ሰዎች እያንዳንዱ ካውንስል የራሱን ደንብ ያወጣል። ስለዚህ ለንደን ያለች አንዲት እህታችን ምንም አትከፍልም ማለት አንቺም አትከፍዪም ማለት አይደለም፤ ደሀ የተባለውንም ቢሆን ከቢሉ የተወሰነውን ክፈል የሚል ካውንስል ብዙ ነው። ለጡረተኞች ግን ደንቡ አገር አቀፍ ነው፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ጡረተኛ እስከ ሙሉ ቢሉ ሊነሣለት ይችላል። ይህን የምጽፈው ወላጆቻቸውን ይዘው ለሚኖሩ አንባቢዎች ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታሰበው ጊዜ አጭር ስለሆነ ዛሬ ማመልከት ከሚቀጥለው ወር ይሻላል። ሰዓትሽ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥም የክፍያ ወረቀቶችሽን ሰብስበሽ አስቀምጪ፤ በየወሩ ሒሳቡን እየቀያየሩ አዲስ ቢል ሲልኩልሽ አትደንግጪ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተቻለሽ፣ የ1992ቱ የአካባቢ መስተዳድር ፋይናንስ ሕግ አንቀጽ 13ኤ ካውንስሉ በችግር ምክንያት የማንኛውንም ሰው ቢል እንዲቀንስ፣ ሲያስፈልግም ወደ ዜሮ እንዲያወርድ ሥልጣን ይሰጠዋል። በማስታወቂያ ሲነገር አትሰሚውም። «ሰክሽን 13ኤ ሃርድሺፕ» ብለሽ ስትጠይቂ ግን ቅጹ ይወጣል። ክፍያውን በ10 ወር ፈንታ በ12 ወር ከፋፍሉልኝ ማለትም መብትሽ ነው።

አሁን ጓደኛሽ ወደነገረችሽ እርዳታ እንምጣ። እሷ የሰማችው ምናልባት «ሃውስሆልድ ሰፖርት ፈንድ» የተባለውን ነው። በኦክቶበር 2021 የተጀመረ፣ ማዕከላዊው መንግሥት ለእንግሊዝ ካውንስሎች እየሰጠ እነሱ ለምግብ፣ ለመብራትና ለጋዝ የሚያከፋፍሉት ገንዘብ ነበር፤ በማርች 2026 ማብቂያ ቆሟል። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ «ክራይሲስ ኤንድ ሬዚሊየንስ ፈንድ» የሚባለው ተተክቷል። የቤት ኪራይ ጉድለት ለሚሞላው ለቀድሞው «ዲስክሬሽነሪ ሃውዚንግ ፔይመንት» የሚሰጠውም ገንዘብ በዚሁ ሥር ገብቷል። የአሮጌውን ስም ጠርተሽ «አልቋል» ቢሉሽ ስልኩን አትዝጊ፤ አዲሱን ጠይቂ። ካውንስሎች የራሳቸውን ስምም ስለሚለጥፉበት «በችግር ጊዜ የምትሰጡት ገንዘብ» ብትዪ ይገባቸዋል። የሚመጣው እንደየቦታው ጥሬ ገንዘብ ወይም የሱቅ ቫውቸር ሊሆን ይችላል። ስኮትላንድና ዌልስ ያላችሁ አንባቢዎች ሥርዓታችሁ ሌላ ነው፤ ስኮትላንድ «ስኮቲሽ ዌልፌር ፈንድ»፣ ዌልስ «ዲስክሬሽነሪ አሲስታንስ ፈንድ» በሉ።

ይህ ገንዘብ የተወሰነ ነው፣ ያልቃል። ካውንስሎቹ ራሳቸው ተቸግረዋል። በርሚንግሃም በሴፕቴምበር 2023 ከአስገዳጅ ወጪ በቀር አላወጣም ብሎ በይፋ አስታወቀ፤ በ2024 የነዋሪውን ታክስ 9.99 በመቶ፣ በ2025 ደግሞ 7.49 በመቶ ጨመረ። ብዙዎቹ ካውንስሎች ያለ ሕዝብ ድምፅ መጨመር የሚችሉት እስከ 4.99 በመቶ ነው፤ አብዛኞቹም ያቺን ጫፍ ይነኳታል። ከተቸገረው ሰው ሰብስቦ የተቸገረውን መርዳት ማለት ነው፣ እኔ በበኩሌ ጤናማ ሥርዓት ብዬ አልጠራውም። ያም ሆኖ ያለው እሱ ነው፤ ከሌላው ቀድመሽ ማመልከት ይጠቅምሻል።

ኪራዩን በተመለከተ፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ለግል ኪራይ የሚከፍልበት ጣሪያ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ አልተነሣም፤ ኪራዩ ግን አልቆመም። ጉድለቱ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ጉድለቱን እንዲሞሉልሽ ለካውንስሉ ስታመለክቺ የወር ገቢና ወጪሽን ይጠይቁሻል፣ የባንክ ስቴትመንትም ያያሉ። ለእናትሽ የምትልኪው 80 ፓውንድ እዚያ ላይ ይታያል። ብዙ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ደንግጦ ቅጹን ይተወዋል፣ ወይም ይደብቀዋል። አትደብቂው። ቅጹ ላይ «ለታመመች እናት» ወይም እንደሁኔታው እውነቱን ጻፊ። ባለሙያው «ይህ የግድ የሆነ ወጪ አይደለም» ሊልሽ ይችላል፤ ሥልጣኑ የእሱ ስለሆነ በዚህ ላይ ዋስትና አልሰጥሽም። ግን ተጽፎ የተገለጸ 80 ፓውንድና ተደብቆ የተገኘ 80 ፓውንድ በአንድ ዓይን አይታዩም። ዕቁብ ካለሽም እንደዚያው ነው፤ በደረሰሽ ወር ባንክሽ ውስጥ የሚገባው ትልቅ ገንዘብ ከየት እንደመጣና ወደ ማን እንደሚሄድ በሁለት መስመር አስረጂ።

አከራይሽ ኪራይ የጨመረበትን መንገድም እዪው። ከሜይ 1 2026 ወዲህ በእንግሊዝ የግል አከራይ መጨመር የሚችለው በዓመት አንዴ፣ በተወሰነው ቅጽና የሁለት ወር ማስታወቂያ ሰጥቶ ነው። በዋትሳፕ «ከሚቀጥለው ወር 90 ጨምሪ» ማለት አይቆጠርም። በዛ ካልሽም ወደ ትራይቡናል (የኪራይ ክርክር ወደሚዳኘው አካል) መውሰድ ትችያለሽ። ምናልባት ልቀቂ የሚል ወረቀት ከመጣ ደግሞ ቤቱን በራስሽ ለቀሽ ዘመድ ቤት እንዳትገቢ። ቤት አልባ ልትሆኚ 56 ቀን ሲቀርሽ ጀምሮ ካውንስሉ ሊረዳሽ የሕግ ግዴታ አለበት፤ ሳትገደጂ ከወጣሽ ግን «ሆን ብላ ቤት አልባ ሆነች» ብለው ሊመልሱሽ ይችላሉ።

ለትንሿ ልጅሽ የትምህርት ቤት ነፃ ምሳ አመልክቺ። ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ በእንግሊዝ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚያገኝ ቤተሰብ ልጅ ሁሉ የገቢው መጠን ሳይታይ ይገባዋል። ማመልከቻው በትምህርት ቤቱ ወይም በካውንስሉ ድረ ገጽ ነው። በእረፍት ጊዜ ምግብና ጨዋታ ያለበት የካውንስል ፕሮግራምም አለ፣ ትምህርት ቤቱን ጠይቂ።

ስለ ዜግነቱ ሁለተኛዋ ጓደኛሽ ያስፈራራችሽ ነገር የሚመለከተው ፈቃዳቸው ላይ «ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ» (የመንግሥት ድጎማ መውሰድ አይፈቀድም) የሚል የተጻፈባቸውን ነው። ቋሚ ፈቃድ ያለው ሰው በተለምዶ ይህ ክልከላ የለበትም፤ አንቺም ዩኒቨርሳል ክሬዲት እያገኘሽ ነው፣ ያ ራሱ መልስ ነው። የሚገባሽን እርዳታ በትክክል መጠየቅ ዜግነት አያስከለክልም። ይልቅ የሚያሳስበው ሳይስማሙበት የተተወ የካውንስል ታክስ ውዝፍ ነው፤ «መልካም ባሕርይ» በሚመዘንበት ጊዜ ሊነሣ ይችላል። ክልከላው ያለባችሁ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ለዩ፦ የ25 በመቶው የአንድ ሰው ቅናሽ «ፐብሊክ ፈንድ» አይደለም፣ ጠይቁት። ካውንስል ታክስ ሪዳክሽንና የችግር ጊዜ ገንዘብ ግን ሊነካችሁ ስለሚችል ከማመልከታችሁ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ አነጋግሩ። ልጅ ያላቸውና በችግር ላይ ያሉ ከሆነ የ1989ኙ የልጆች ሕግ አንቀጽ 17 ካውንስሉ ልጁን እንዲታደግ ያስገድዳል፣ የወላጁ ፈቃድ ምንም ቢሆን።

ካውንስሉ ይህን ሁሉ ሰምቶ እምቢ ቢልሽ፣ የካውንስል ታክስ ውሳኔን በጽሑፍ ተቃውመሽ በሁለት ወር ካልመለሱልሽ ወይም ካልተስማማሽበት ወደ ቫልዌሽን ትራይቡናል (የካውንስል ታክስ ክርክር ወደሚዳኘው አካል) በነፃ ትሄጃለሽ። ከዚያ በፊት ግን የሰፈርሽን የምክር ቤት አባል፣ ካውንስለሩን፣ በኢሜይል ጻፊለት። ስሙ በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ በፖስት ኮድሽ ይወጣል። የመረጥሽውም ያልመረጥሽውም ቢሆን ሥራው ነው። ሦስት ወር ያልተመለሰ ኢሜይል ካውንስለሩ ከጠየቀ በኋላ በሦስት ቀን ሲመለስ ማየት የተለመደ ነው፣ ለምን እንደሆነ እነሱን ጠይቂያቸው። ሌላ ዕዳ ከተደራረበብሽ ደግሞ በነፃ የሚያማክሩትን ሲቲዝንስ አድቫይስን ወይም ናሽናል ዴትላይንን አነጋግሪ። በዕዳ አማካሪ በኩል «ብሪዚንግ ስፔስ» የሚባል የ60 ቀን እፎይታ ሊያስገቡልሽ ይችላሉ፤ በዚያ ጊዜ ማንም በቆየው ዕዳ አያስጨንቅሽም፣ የወሩን ግን መክፈል አለብሽ። ጉዳዩ ሳይታሰብ ወደ ቤይሊፍ (ዕዳ በቤት እየዞረ ወደሚያስከፍለው) ከሄደ በር አትክፈቺላቸው፤ ለካውንስል ታክስ ሲመጡ ገፍተው የመግባት መብት የላቸውም። በመስኮት ወይም በስልክ አነጋግሪያቸው፣ በሩንም ልጆቹ እንዳይከፍቱላቸው ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልጅሽ ኮሌጁን ጨርሶ ተማሪነቱ ሲያበቃ፣ ሥራ ባይጀምርም፣ የ25 በመቶው ቅናሽ ሊቆም ይችላል፣ ካውንስል ታክስ ሪዳክሽን ካገኘሽም በእሱ ምክንያት ሊቀንስ ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ግን ተማሪ ስለሆነ ቅናሹ ይቀጥላል። ያም ሆነ ይህ ለውጡን በ21 ቀን ውስጥ ለካውንስሉ አሳውቂ፤ ካላሳወቅሽ 70 ፓውንድ ሊቀጡሽ ይችላሉ፣ የተረፈውንም መልሺ ይሉሻል። ለዩኒቨርሳል ክሬዲትም ለብቻው ንገሪ።